ኩርፊያም አርምሞም ያልነበረ ዝምታ

ኬኒንግተን፣ ለንደን
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለእድላዊት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ቤኪስ እንዴት ነው? ሆድሽስ እየገፋ ነው? እኛ ሁለታችንም በሕይወት አለን። ይህን ቀድሜ የጻፍኩት ከእናትሽ ፖስታ ሲደርስሽ ምን እንደምታስቢ ስለማውቅ ነው። በዚህ ዘመን ወረቀት የሚልክ ግብር ጠያቂው ካውንስል ብቻ ነው፤ ከካውንስል ካልሆነ ደግሞ ሰው መርዶ ይመስለዋል። ይህ መርዶ አይደለም። ቢሆንም ተቀምጠሽ አንብቢው፤ ውኃም ከጎንሽ አድርጊ።

በስልክ ያልነገርኩሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ነገር ስጀምርልሽ ታቋርጪኛለሽ። ያባትሽ ልጅ ነሽ፤ ሰው ጀምሮ እስኪጨርስ መጠበቅ በቤታችን ከእኔ በቀር የለመደበት የለም። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ሁለተኛውን እደርስበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስትደውዪ "አባዬን አገናኚኝ" አልሽ። እኔም እንደ ልማዴ "ተኝቷል" አልኩሽ። "እማዬ፣ እዚያ እኮ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው" አልሽኝ፤ እውነትሽን ነው። ከዚያ ደግሞ "በቃ፣ ካኮረፈ ያኩርፍ። ልጄ ሲወለድም አልደውልለትም። አያት እንደሌለው ሆኖ ያድጋል" ብለሽ ዘጋሽው። ስልኩ ላውድስፒከር ላይ ነበር። አባትሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይቀር ሰምቷል። ሊመልስልሽ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

እድልዬ፣ አባትሽ አላኮረፈሽም። አባትሽ ድምፅ የለውም። ባለፈው ጥቅምት የጉሮሮ ካንሰር ተገኝቶበት ማንቁርቱን በሙሉ አወጡለት። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በከፈቱለት ቀዳዳ ነው። በሽታው ወጥቷል፤ ቼክ ባደረጉት ቁጥር ንጹሕ ነው ይሉናል። ይበላል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ከእኔም ጋር ይጣላል። የሚጣላኝ በጽሑፍ ስለሆነ ጠቡ አጭር ሆኗል።

ማልቀስ ካለብሽ አልቅሺና ተመልሰሽ ነይ። የሚቀረው ወሬ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ኩርፊያ ነበር፤ አልዋሽሽም። አንቺና ቤኪ በካውንስል አዳራሽ ፈርማችሁ ስትጋቡ ያፈረውን ያህል ሰው ሲያፍር አላየሁም። ማኅሌት የሚመራ፣ ሰው ሁሉ "መሪጌታ" የሚለው ኪዳነወልድ፣ የሌላውን ልጅ ሁሉ በወረብ እየዳረ የገዛ ልጁ በፊርማ ስታገባ! ወደ ሜልቦርን ልትበሩ ሻንጣችሁ በር ላይ ቆሞ ሳለ ያለሽን አንቺም ታስታውሺዋለሽ፦ "ከእንግዲህ ከእኔ አፍ ምርቃት አትሰሚም።" ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ይበርድለታል ብዬ ዝም አልኩ። እሱም በርዶለት ነበር፤ ነገር ግን ቀድሞ መደወል ያቃተው ሰው ነው። በየወሩ "ደወለች?" ይለኛል፤ "አዎ" ስለው ጋዜጣውን ያነሣል።

በዓመቱ በፍልሰታ ድምፁ ሻከረ። ማር በሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ ያልጠጣው የለም። የሰፈራችን ሐኪም፣ ጂፒው ዘንድ ሂድ ብለው "የመሪጌታ ድምፅ ቢሻክር ምን ይገርማል?" እያለ ሁለት ወር ገፋው። ኋላ ደም ሲተፋ ሄደ። ሐኪሙ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ ጠየቀው። አባትሽ ወደ እኔ ዘወር ብሎ አየኝ። አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን ተርሚናል ላይ ወርዶ የሚያጨሳትን እኔ የማላውቅ መስሎት ኖሯል! ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። "ንገረው" አልኩት። ነገረው።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ልጆች የሚጽፉባት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ገዛሁለት። መጀመሪያ የጻፈባት "ውኃ" ወይም "አመመኝ" አልነበረም። "ከአፌ አትሰሚም አልኳት። አፌን ወሰደው" ብሎ ጻፈ። ሐኪሙ ሲጋራ ነው እያለው እሱ ግን ኃጢአቱ ከሲጋራ ከፍ እንዲል ፈለገ። እኔም ተናደድኩና "እግዚአብሔርን እንዳንተ ቂመኛ አደረግኸው እንዴ?" አልኩት። ሰሌዳዋን በፊቷ ደፍቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። በሽተኛ ላይ መቆጣቴ ነው፤ አሁንም ቢሆን ግን ያልኩት ልክ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው ምክንያቴ እዚህ ላይ ነው። "ለእድላዊት እንዳትነግሪ" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። እሺ አልኩት። ሊነገርሽ ይገባል እያልኩ ሳመነታ ደግሞ አንቺ መፀነስሽን ነገርሽኝ። ለነፍሰ ጡር ክፉ ወሬ አይነገርም ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ከሌላውም ሰው ደበቅነው። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ የዚህን በሽታ ስም አይጠራም፣ "ያ ነገር" ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያም ሰውየውን በቁሙ ይቀብረዋል። አባትሽም "ጠፋ ብለው ሲጠይቁሽ ሱባኤ ይዟል በያቸው" ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። የሚያውቁት የነፍስ አባቱ ቀሲስ ብዙነህ ብቻ ነበሩ።

ሱባኤ ያልነው ሰው ግን በዚያ ሁሉ ብርድ አንድ ቀን አልጸለየም። ጠዋት ይነሣል፣ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፣ ሥዕለ አድኅኖው ወዳለበት ማዕዘን አያይም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆኜ እሱ የመራውን የጥምቀት ወረብ በስልኬ ከፈትኩ። መጥቶ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ዘጋውና ተመልሶ ተቀመጠ። ከሆስፒታል ለመናገሪያ የሚሆን ማሽን ሰጥተውት ነበር፤ የጺም መላጫ የምታክል ናት፤ አንገት ላይ ተለጥፋ ስትነዝር አፍ ቃሉን ይሠራል። አንድ ጊዜ ሞከራት። "ተናኘ" አለኝ። ብረት የተናገረ ይመስል ነበር። ሳቄ መጥቶ ዋጥኩት። እሱ ግን ዓይኔን አይቶ ኖሮ ማሽኗን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ዘጋባት።

በዐቢይ ጾም ቀሲስ ብዙነህ መጡና "መሪጌታ፣ ቅዳሴ ለመስማት ድምፅ አያስፈልግም። ይምጡና ይስሙ" አሉት። ሦስቴ ተመላለሱ። ለአራተኛ ጊዜ እንዳይመጡበት ብሎ ይመስለኛል፣ አንድ እሑድ ተነሥቶ ለበሰ። ጺሙ አድጓል፣ ሰውነቱ ከስቷል፣ ነጠላውን እስከ አገጩ ጠምጥሞታል። ባተርሲ ከእንግሊዞቹ የምንከራየው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ የቆመው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ያኔ ምን እንደመጣብን አልገባኝም።

ወርቅዬን አትረሻትም፤ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ የምታፈላው፣ ወሬ ገና ሳይፈጠር የሚደርሳት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያዘችኝና "ተናኘ፣ ጋሽ ኪዳነወልድ አርምሞ ገቡ እንዴ?" አለችኝ። እኔም "ሱባኤው ገና አላለቀም" ብዬ ያመለጥኩ መሰለኝ። በሳምንቱ ወሬው ጎልምሶ ወደ እኔ ተመለሰ፦ መሪጌታ እስከ ትንሣኤ ላይናገሩ ተስለዋል። በሌላው ሳምንት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው። አንቺን ከሜልቦርን ለማስመለስ ነው ያሉም ነበሩ፤ ሰው ቢደወልለት እንጂ ዝም ቢሉት እንዴት እንደሚመለስ ግን አላስረዱኝም። ጠበል ሲረጭ አባትሽ አንገቱን ደፍቶ ይሸፋፈናል፤ በቀዳዳው ውኃ ከገባ የሚወርደው ሳንባው ውስጥ ስለሆነ ነው። እነሱ ግን ትሕትና ነው አሉ። ትከሻውን ይሳለሙታል። "አባታችን" ይሉታል።

ቤት ስንገባ "ለምን አትነግራቸውም?" አልኩት። "ምን ብዬ?" ብሎ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጥሞትም ነበር። ድምፁ ሄዶ ክብሩ የቀረለት መሰለው።

ከዚያ እህተማርያም መጣች። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ልጅ ናት፤ የጥገኝነት ማመልከቻዋን ሆም ኦፊስ እስኪመልስላት ስደተኞች የሚያርፉበት ሆቴል ውስጥ ተቀምጣለች። ልጇን ደሴ እናቷ ዘንድ ትታ ነው የወጣችው። አንድ እሑድ ሻይዋን ይዛ ከአባትሽ አጠገብ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች። የድሮው አባትሽ ቢሆን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ "በርቺ ልጄ፣ ዋናው ጸሎት ነው" ብሎ ወደ ሌላው ሰው ይዞር ነበር። አሁን በምን ያቋርጣት? እስከ መጨረሻው ሰማት። በረሃውን፣ ባሕሩን፣ ሁሉንም። በመጨረሻ "ልጄ አሁን በስልክ እናቴ አትለኝም። እናቷ የኔ እናት መስላታለች፤ እኔን እህቴ ነው የምትለኝ" አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ሰሌዳዋን አወጣና "እህቴ ትላታለች" ብሎ ጻፈ። ሰማሁ አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ እንደገና ጻፈው።

ቤት ገብተን ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለሁ ቀና ብዬ አየሁት። ከኦፕሬሽኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሉ ፊት ቆሟል። ዳዊቱን ገልጧል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ምንም አይሰማም። የእህተማርያምን የክርስትና ስሟን ጠይቋት ኖሮ በእሷ ስም ነው የቆመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይቆም የዋለበት ቀን የለም። አንድ ጊዜ "ምን ተገኘ?" ብለው እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ "ያን ሁሉ ዘመን ስዘምር ራሴን ነበር የማዳምጠው። አሁን የሚደመጥ ነገር ስለሌለኝ የምለውን አነበዋለሁ።" እኔ ድምፁን ወድጄው ነበር። ይህን አልነገርኩትም።

ለእኔም ተርፎልኛል። ከተጋባን ወዲህ አንድ ወሬ ጀምሬ ከእሱ ፊት መጨረሴን አላስታውስም ነበር። አሁን ከሥራ ስመለስ ስቶክዌል የምንከባከባት አሮጊት ያለችኝን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይሰማኛል፤ በማግሥቱም "ጉልበቷ ተሻላት?" ብሎ ይጽፍልኛል። አንዳንዴ የሚያልቅብኝ ወሬው ነው።

ከትንሣኤ በኋላ ነገሩ መስመር ሳተ። እናቶች ልጆቻቸውን እያመጡ "እትፍ ይበሉልን" ማለት ጀመሩ። ልጄ፣ አባትሽ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ ትንፋሹ የሚወጣው በአንገቱ ነው። እሱ እጁን ራሳቸው ላይ ጭኖ ዝም ሲል ይህም ምሥጢር አለው ተባለ። ወርቅዬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዛ መጣችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው፤ ቅዳሴው አልቆ ስትወጣ ጠበል ነው ብላ ይዛው ሄደች።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እኔም ስቄበት አልፈው ነበር። አንድ እሑድ ግን እህተማርያም ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ እንዲህ አለችው፤ እኔ ከጎኑ ነበርኩ።

"አባታችን፣ ጡቴ ላይ እብጠት አለ። ሆስፒታል አፖይንትመንት ሰጥተውኝ ነበር፤ ቀረሁ። እርስዎ እየጸለዩልኝ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?"

አባትሽ እጇን ያዛት። ራሱን ነቀነቀ። ሰሌዳዋን አውጥቶ "ነገ ሂጂ" ብሎ ጻፈ። እሷም ፈገግ ብላ "ትሕትናዎ ነው" አለችው። አጠፋውና "ባሕታዊ አይደለሁም" ብሎ በትልቁ ጻፈ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሰሌዳዋን ተሳለመቻት! አባትሽ ወደ እኔ ዞረ። ያን ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ሐኪሙ ካንሰር ነው ሲለው እንኳ እንዲያ አልሆነም። እኔ ለብቻዋ ወጥ ቤት ወስጄ "የኔ ልጅ፣ ሱባኤም አርምሞም የለም፤ እሱ ታሞ ነው" ብላት "ይደብቁታል፣ አውቃለሁ፤ ጻድቃን እንዲህ ናቸው" አለችኝ። ውሸታችን ሥር ሰዶ በእውነት የሚነቀል አልሆነም።

ያን ቀን ምሳ አልበላም። መሳቢያውን ከፍቶ ማሽኗን አወጣ። ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት እየገባ በሩን ዘግቶ ይለማመዳል። ጎረቤታችን እንግሊዛዊቷ "ባልሽ በቀን ስንት ጊዜ ነው ጺሙን የሚላጨው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ፈራሁለት። "ይስቁብሃል እኮ" አልኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መነጽር ማድረግ ያፍር የነበረ ሰው ነው። "ይሳቁ" ብሎ ጻፈ።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ዳቦና ሻይውን ይዞ አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ ቀሲስ ብዙነህ አጨበጨቡና "መሪጌታ ሊነግሩን የሚፈልጉት ነገር አለ" አሉ። ሴቶቹ ስእለቱን ሊፈታ ነው ብለው እልል ሊሉ ተዘጋጁ። አባትሽ ፊት ለፊት ቆሞ ነጠላውን ከአንገቱ ላይ ዙር በዙር ፈታ። ቀዳዳው ታየ። ወርቅዬ አማተበች። እሱ ማሽኗን አንገቱ ላይ አደረገ።

"እኔ ባሕታዊ አይደለሁም" አለ።

አንድ ትንሽ ልጅ ጮክ ብሎ "ማሚ፣ ሮቦት ነው!" አለ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እናቶች "ዝም በሉ" እያሉ ቆነጠጧቸው። አባትሽ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ "ሮቦት ነኝ" አለው፤ ልጆቹ እንደገና ሳቁ፤ እሱም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ የሚታየው በትከሻው ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዷን ቃል እየቆራረጠ እንዲህ አለ፦ "ካንሰር ነው። ሱባኤ ያልነው ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ በሉ ያልኩት። ሐኪም ዘንድ ዘግይቼ ሄድኩ፤ ድምፄ የሄደው ለዚህ ነው። ስለ እናንተ እጸልያለሁ። እናንተም ስለ እኔ ጸልዩ። ነገር ግን አፖይንትመንት ያለው ሰው ነገ ይሂድ። እግዚአብሔር ሐኪምም አለው።"

ማንም እልል አላለም። ይህን ሁሉ ሲናገር ወደ እህተማርያም አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። ሰው ዓይኑን ተከትሎ እንዳያያት ነው። ቃሉ ሁሉ ለእሷ ሆኖ ሳለ ዓይኑን ከእሷ ሲጠብቅ አየሁት። ከዚህ ሰው ጋር ዕድሜዬን ኖሬ ያን ቀን እንደኮራሁበት ኮርቼበት አላውቅም።

በማግሥቱ እህተማርያምን ይዣት ሆስፒታል ሄድኩ። ያው በሽታ ነው አሉ፤ ግን ገና ትንሽ ነው፣ በጊዜ መጥታለች ብለዋል። ሕክምናው ተጀምሯል። መድኃኒቱ በሚበረታባት ቀን እኛ ቤት ታርፋለች፤ የምትተኛው ያንቺ አልጋ ላይ ነው፤ ቅር እንደማይልሽ አውቃለሁ። አባትሽ ሾርባ ይሠራላታል። በአፍንጫው ስለማይተነፍስ ሽታ አይሸተውም፤ አሳርሮት እኔ ነኝ የምደርስለት።

ሌላውማ፣ አንዳንዱ አታለለን ብሎ አኮረፈ። ወረፋው በአንድ ቀን ጠፋ። ወርቅዬ ጠርሙሷን ይዛ ሄደች፤ ሁለት እሑድ ሰላም አላለችንም። በሦስተኛው ወጥ ቤት ውስጥ ጎትታ ወሰደችኝና "ተናኘ፣ እኔም ስኳር አለብኝ፤ ለሰው አልተናገርኩም" አለችኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ለሰው ስትተርት የኖረች ሴት! ከእሷ በኋላም ሌሎች መጡ። ድሮ ለጸሎት ይሰለፉ የነበሩት አሁን አንድ በአንድ እየመጡ የደበቁትን በሽታ ይነግሩታል። እሱም ይሰማቸዋል፣ ስማቸውን ይይዛል፣ ሐኪም ዘንድ መሄዳቸውን ይጠይቃል። በማኅሌት ጊዜ መጨረሻው ረድፍ ላይ መቋሚያውን ይዞ ይቆማል። ወጣቶቹ ሲሳሳቱ ድሮ በዓይኑ ያርዳቸው ነበር። አሁን ያያቸውና ዝም ይላል።

ቀሲስ ብዙነህ "እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም" ብለው ሰበኩበት። ቀሲስ መቼም ስብከት አያጡም። እኔን ብትጠይቂኝ ድግሱ ቀርቶ ድምፁ ቢመለስ እመርጣለሁ። እሱን ጠይቄው ነበር፤ "አሁን ድምፅህ ቢመለስልህ ለምን ታደርገው ነበር?" አልኩት። ማኅሌት የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ማሽኗን አንሥቶ "ለአንድ ስልክ" አለኝ።

ያን ያለኝ ባለፈው ሳምንት አንቺ ከመደወልሽ በፊት ነው። ከዘጋሽው በኋላ ተነሥቶ ማሽኗን ከመሳቢያው አመጣ። ከዚያ "ጻፊላት" አለኝ። "ምኑን?" ስለው "ሁሉንም። ሲጋራውንም" አለ። ይኸው ሁሉንም ጻፍኩልሽ። ፊደል ያስቆጠረሽ እሱ ስለሆነ ሁሉንም እንደምታነቢው እርግጠኛ ነኝ። ቤኪ ያልገባው ካለ አንብቢለት፤ አባትሽ እሱንም በስሙ እየጠራ እንደሚጸልይለት ንገሪው።

ደብዳቤ በምርቃት ይዘጋል፤ እናቴም ለእኔ ስታጽፍ ከወሬው ምርቃቱ ይበልጥ ነበር። እኔ ግን ዛሬ አልመርቅሽም። ምርቃቱ የእሱ ነው፤ ልቀድመው አልፈልግም። ይህን ስጽፍልሽ መታጠቢያ ቤት ገብቶ እየተለማመደው ነው፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ይላል። "ሽ" በማሽኑ አልወጣ እያለች ታስቸግረዋለች፤ ይቆምና ከ"ማርያም" እንደገና ይጀምራል።

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ "ደረሰ" ብለሽ በዋትስአፕ ጻፊልኝ። ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ በእኛ ጠዋት፣ በእናንተ ምሽት፣ ስልክሽ ይጠራል። "ሄሎ" ስትዪ መጀመሪያ ዝም ይልብሻል፤ ማሽኗን አንገቱ ላይ እስኪያስተካክል ነው። ቀጥሎ የምትሰሚው ድምፅ የሰው አይመስልም። ኮምፒውተር ነው ብለሽ እንዳትዘጊው። አባትሽ ነው።

እናትሽ
ተናኘወርቅ